በቆላ ሐሩር በሞተር ብስክሌት ስለ መጓዝ



የደጋ ሰው ክረምት በተባለ ጊዜ አሳቡ ወደ ዝናብ፣ ወደ ጭቃና ወደ ብርድ ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ ካፖርቱን ከሣጥን ያወጣል፤ እመቤቲቱም ለምድጃው ከሰል ታዘጋጃለች። በአፋር ቆላ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ያለውና የአገሩ ሰዎች ሐጋይ የሚሉት ወራት ከዓመቱ ሁሉ የበረታው ሐሩር የሚወርድበት ጊዜ ነው። ሐጋይ በግዕዝም የበጋ ስም እንደ ሆነ ግዕዝ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ በማለዳ ካፖርት ደርቦ የተነሣ መንገደኛ፣ በዚያው ቀን የሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ ባለፈበት አገር ራሱን ያገኘዋል። በአውቶሞቢል የተቀመጠ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። በሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን ከፀሐዩ፣ ከነፋሱና ከአስፋልቱ ግለት የሚለየው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ወደ ቤተ ሰብ ገጽ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በቆላው ወረዳ ሞተር ብስክሌት የጎበዞች መጫወቻ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ የሚሠራበት በቅሎ ሆኗል። የጤና ሠራተኛው፣ የከብት ሐኪሙና የእርሻ ባለሙያው መኪና የማይገባበትን መንደር የሚደርሱት በእርሱ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በደጋ ተወልደው በደጋ ያደጉ የሰው ልጆች ናቸው። አንድ ነገር ልብ ብለን እንመልከት። ለሕፃናት የሚወሰደው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ስላለበት፣ በረዶ በተደረገበት ሣጥን ይታሸጋል፤ የሚያጠፋውም ሙቀት እንዳይነካው በብርቱ ይጠበቃል። ሣጥኑን ከኋላው አስሮ የሚጓዘው ሰው ግን ስንት ዲግሪ እንደ ደረሰ የሚጠይቅለት የለም። የሰው ሰውነት ደግሞ እንደ ክትባቱ ሁሉ ድንበር አለው። የውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ40 ካለፈ አእምሮ ይታወካል፤ ከዚያም በኋላ ሕይወት በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ የሚቈጠር ይሆናል። የታወከ አእምሮ በሁለት ጎማ ላይ ሲሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም።

የቆላው ሐሩር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለጥንቃቄው ይረዳል። መሬቱ በ1,000 ሜትር ዝቅ ባለ ቍጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ሰመራ ደግሞ ከ430 ሜትር ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ወደ ሰመራ የሚወርድ ሰው በከፍታው ልዩነት ብቻ 12 ዲግሪ ያህል ይጨመርበታል። ከዚያም አልፎ ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል፣ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ከሰፈረበት ቦታ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የዓመት አማካይ በዓለም ላይ አልተመዘገበም። አማካይ ሲባል የሌሊቱና የቀዝቃዛው ወራት ሙቀት ተደምሮ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

የጥንት ሰዎች ወደ ቆላ ሲወርዱ በበቅሎ ቀስ እያሉ፣ በየሰፈሩ እያደሩ ነበርና ሰውነታቸው ሐሩሩን ለመልመድ ጊዜ ያገኝ ነበር። ሞተር ብስክሌት ይህን ጊዜ ነሥቶናል። የሳምንቱን ቍልቍለት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ የሰው ሥጋ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

ደገኛው መንገደኛ ቆላ በወረደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ጃኬቱን አውልቆ ከኋላ ማሰር፣ እጅጌውን መጠቅለልና የራስ ቍሩን መስታወት ወደ ላይ መግለጥ ነው። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ በደጋ አገር ነፋስ ያቀዘቅዛልና። ነገር ግን የነፋስ ጠባይ እንደ ሙቀቱ መጠን ይለወጣል። የሰው ቆዳ በሐሩር ጊዜ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ ከዚህ በታች ሲሆን ከሰውነት ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚህ በላይ ሲሆን ግን ሙቀት ያመጣል። በ42 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ደረቱን ለነፋስ ቢገልጥ፣ የሚያገኘው ማራገቢያ ሳይሆን የአንጥረኛ ወናፍ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቍጥርም ወናፉ ይበረታል። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሰውነትን ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም ሲል ያስጠነቅቃል። በቤት ውስጥ ለሚዞረው ማራገቢያ ይህ ከተባለ በአስፋልት ላይ ለሚነፍሰው ምን ሊባል ነው?

ነፋሱ የማያድን ከሆነ ሰውነት የሚድነው በላብ ነው። የላብን ሥራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤታችን ያለውን እንስራ መመልከት ይበቃል። በእንስራ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጥቂቱ በሸክላው ቀዳዳ ወደ ውጭ ወዝቶ ሲተን የቀረውን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ወታደርም በጨርቅ የተሸፈነ ኮዳውን የሚያረጥበው ስለዚሁ ነው። የሰው ቆዳ እንደ እንስራው ነው። አንድ ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ ይዞት የሚሄደው ሙቀት 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሆን፣ ይህ ከዜሮ ዲግሪ የተነሣ ስድስት ሊትር የሚጠጋ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ነገር ግን ላብ የሚጠቅመው በቆዳ ላይ ቆይቶ ሲተን ነው እንጂ ወደ መሬት ጠብ ሲል አይደለም። በተገለጠ ቆዳ ላይ የሚመጣ ኀይለኛና ደረቅ ነፋስ ደግሞ ላቡን ገና ሲወጣ ይልሰዋል። መንገደኛውም ቆዳው ደረቅ መሆኑን አይቶ አላላበኝም ብሎ ይታለላል፤ ውሃው ግን ከሰውነቱ እያለቀ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ማታለል ነው።

ስለዚህ በበረታ ሐሩር የሚጓዝ ሰው መሸፈን አለበት። ይህን የበረሃ ሰዎች ሁሉ ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። በሲና በረሃ የሚኖሩ ዘላኖች በዚያ ፀሐይ ጥቁር ሰፊ ቀሚስ መልበሳቸው ያስገረማቸው ሊቃውንት፣ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1980 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ምርመራቸውን አትመው ነበር። ያገኙትም ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ የበለጠ ሙቀት ቢቀበልም ትርፉ ሙቀት ወደ ቆዳ ሳይደርስ በልብሱና በሰውነቱ መካከል በሚመላለሰው አየር ተጠርጎ እንደሚሄድ ነው፤ ወደ ቆዳ የሚደርሰው በሁለቱም እኩል ሆነ። እንግዲህ ከቀለሙ ይልቅ ቁም ነገሩ ልብሱ ሰፋ ብሎ ከቆዳ መራቁ ነው። ለሞተር ነጂ ግን የሚርገበገብ ቀሚስ አይሆንም፤ ጎማና ሰንሰለት ይይዘዋልና። ለእርሱ የሚስማማው ከውስጥ ቀጭን የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ክርኑና ትከሻው የተጠናከረ፣ ጠበቅ ያላለ ጃኬት፣ ሙሉ ሱሪ፣ ቍርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማና ቀጭን ጓንት ነው። ምርጫ ካለ ጃኬቱ ፈካ ያለ ቀለም ይኑረው፤ ከሙቀቱም ሌላ የጭነት መኪና ነጂ ከሩቅ እንዲያየው ይረዳል። አስፋልቱ ራሱ በእኩለ ቀን ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ባዶ ክንዱን ይዞ በዚህ ላይ የወደቀ ሰው ሁለት ቍስል በአንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ የመፋቁና የመቃጠሉ።

እዚህ ላይ አየር የሚያስገባ ወንፊት መሰል ጃኬት በየሱቁ ስለሚሸጥ ጥቂት መናገር ይገባል። እስከ 35 ዲግሪ ድረስ እጅግ መልካም ልብስ ነው፤ ለአዳማ፣ ለድሬዳዋ ጠዋት፣ ለሐዋሳ ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን ወናፉን በቀጥታ ወደ ደረት ያስገባልና ሻጩ እንደሚለው አይደለም።

ውሃ ግን ላብን ሊተካ ይችላል። ነጂው ካናቴራውን በውሃ ነክሮ፣ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቆ ይልበስና ጃኬቱን ከላይ ይዝጋ፤ በእጅጌውና በአንገቱ በኩል ጥቂት አየር ብቻ እንዲገባ ይተው። ያን ጊዜ ከሰውነቱ ላብ ይልቅ የካናቴራው ውሃ ይተናል፤ ሙቀቱንም እርሱ ይወስዳል። ጃኬቱ ከተከፈተ ካናቴራው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ይደርቃል፤ ተዘግቶ ጥቂት አየር ብቻ ከገባው ግን ብዙ ይቆያል። ለዚሁ ሥራ የሚሆን፣ ውሃ ጠጥቶ የሚይዝ ሰደርያ ተሠርቶ በውጭ አገር ይሸጣል። ያላገኘ ሰው የቤቱ እመቤት ከአሮጌ ፎጣ ብትሰፋለት ሥራውን ያው ይሠራል። አንገት ላይ የሚጠመጠም እርጥብ የጥጥ ጨርቅም ከቶ መቅረት የለበትም። ጫፉ ግን በጃኬቱ ውስጥ ይግባ፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ በነፋስ ተገርፎ ዐይን ይጋርዳል፣ ጎማም ይይዘዋል።

ይህ ብልሃት የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር መሆኑን መርሳት አይገባም። መንገደኛው ወደ ጅቡቲና ወደ ታጁራ ባሕር ዳር በቀረበ መጠን አየሩ የባሕር እርጥበት ይጫነዋል፤ እርጥብ አየር ደግሞ ተጨማሪ ውሃ አይቀበልም። በዚያ አገር እርጥብ ካናቴራ እንደ ገንፎ የሚያፍን ልብስ ይሆናል። በዚያ የሚረዳው በላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በብብት ሥርና በደረት ኪስ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማረፍ ነው። የክትባቱ በረዶ ግን የክትባቱ ነው፤ ለራስ የሚሆን ሌላ ይያዝ። አለቃውም ለሁለቱም የሚሆን በረዶ ያስቀዝቅዝ።

ስለ ራስ ቍር፣ ማለት በተለምዶ ሄልሜት ስለሚባለው፣ ብዙ ክርክር ይሰማል። በሙቀት ጊዜ ራስን ያፈላል፣ ስለዚህ በቆላ ማውለቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህን አሳብ አንቀበለውም። ሎሬንስ ዘዓረቢያ የተባለው እንግሊዛዊ፣ የዓረብን በረሃ ሐሩር በግመል አቋርጦ በሕይወት የወጣው ሰው፣ በአገሩ በለመለመው መንገድ ላይ በኤውሮጳ አቈጣጠር በግንቦት 1935 ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ በራሱ ላይ በደረሰው ጉዳት ሞተ። በሕመሙ ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ዐዋቂ ነበር። ኬርንስ በሞተር ብስክሌት መልእክት የሚያደርሱትን ወታደሮች አሟሟት መርምሮ በ1941 ጽሑፉን አወጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የእንግሊዝ ጦር በሥራ ላይ ያለ ሞተር ነጂ ሁሉ የራስ ቍር እንዲያደርግ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር የተደረገው ምርመራ ሁሉ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ቍሩ ይደረግ። ነገር ግን ነጭ ወይም ፈካ ያለ ይሁን፤ በውስጡ ቀጭን የጥጥ ቆብ ይነከርና ይለበስ፤ መስታወቱም ከጥቂት ክፍተት በቀር ተዘግቶ ይቆይ። በተገለጠ ፊት ላይ የሚመታው ትኩስ ነፋስ ዐይንን ያደርቃል፤ የደረቀ ዐይን ደግሞ ግመል ከመንገድ ዳር ስትነሣ ዘግይቶ ያያል።

የስንቁ ነገር የእመቤቲቱ ሥራ ነው። ውሃ ማለት ብዙ ውሃ ነው። በሐሩር ለሚደክም ሰው የሙያው ዐዋቂዎች የወሰኑት መጠን በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለት ሩብ ሊትር ያህል ነው። ነጂው እየነዳ መጠጣት ስለማይችል፣ ቱቦ ያለው የጀርባ ውሃ መያዣ ከሌለው በየ40 ደቂቃው ቆሞ ግማሽ ሊትር ይጠጣ፤ ጥማት እስኪመጣ አይጠብቅ። በሌላው በኩል ደግሞ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ መጨለጥ የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱን የቻለ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ከሚያዘው ውሃ አንዱ ክፍል ጨውና ስኳር ይኑረው። መጠኑም ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በሻይ ማንኪያ ልክ ስድስት ስኳርና ግማሽ ጨው ነው፤ ማንኪያው ሳይከመር ይለካ። ይህ ለተቅማጥ በሽተኛ ሕፃን የሚሰጠው ያው ውሃ ነው፤ ስለዚህ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ከምግብም አያቶቻችን ለዘማች የሚሰንቁት በሶ ዛሬም ወደር የለውም፤ በውሃ ተበጥብጦ ጨው ጣል ሲደረግበት ምግብም መጠጥም ነው። ጨው የነካው ቆሎም መልካም ነው። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለመመለሻው ግብር ይቆዩ፤ የከበደ ሆድ በሐሩር መንገድ አይበጅም።

አረቄና ጠጅ ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ ጀምሮ ይቅሩ። ጫት ደግሞ በዚያ መንገድ ብዙ ነጂዎች ድካም ያስረሳል ብለው የሚይዙት ነው። ድካም ማስረሳቱ እውነት ነው፤ ክፋቱም ይህ ነው፤ ሰውነት ዕረፍት ሲለምን ልመናውን ያፍናል፣ በዚያም ላይ የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል። ለደም ግፊት የሚሰጥ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሆኑትን ላብ የሚከለክሉ መድኃኒቶች የሚጠቀም ሰው ሳይነሣ ሐኪሙን ያማክር። የሮመዳን ጾም በሐጋይ በሚውልበት ዓመት የእስላም ሃይማኖት ሊቃውንት ለመንገደኛና ለሕመምተኛ በሌላ ቀን የመተካት ፈቃድ እንዳለ ያስተምራሉ። በጾም የሚጓዝ ባልደረባ ያለው አለቃም ጉዞውን ወደ ማለዳ ቢያደርግለት ሥራውም ሰውዬውም ይድናሉ።

የሰዓት ነገር ከልብሱም ከውሃውም ይበልጣል። ብዙ ሰው የቀኑን ብርቱ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መሬቱ የተቀበለውን እያከማቸ ስለሚሄድ አየሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚግለው 9 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ 7 ሰዓት ላይ ምሳ በልቶ አሁንስ ፀሐይዋ አዘነበለች ብሎ መነሣት ወደ እሳቱ መሄድ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ በጥላ መዋል ይገባል። ጥላው የግራር ቢሆን መልካም ነው፤ በሰሌን የተሸፈነው የአፋሮች ጎጆ፣ አሪ የሚሉት፣ አየር ስለሚያሳልፍ ከቆርቆሮ ቤት እጅግ ይሻላል። እንግዲያስ በሌሊት መንዳት አይሻልምን? የሚል ይኖራል። አይሻልም። ያ መንገድ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለስበት ነው፤ በሌሊት የጭነት መኪናው መብራት ዐይን ያጠፋል፣ ግመሉና ፍየሉም ሙቀቱን የያዘውን አስፋልት ዳር ይወዱታል። ጎሕ ሲቀድ፣ መንገዱ በራሱ ብርሃን ሲታይ መነሣትና እስከ ረፋዱ መገስገስ የሁለቱ አማካይ ነው። ከአዋሽ ያደረ ሰው በዚህ ሥርዐት ብዙ መንገድ ሳይጎዳ ይሄዳል።

ለመሥሪያ ቤት አለቆች የምንለው አንድ ነገር አለ። ከደጋ አዲስ የተመደበ ሠራተኛ በደረሰ ማግስት የሩቁን ቀበሌ ዙር ይዞ እንዲወጣ ማዘዝ ልማድ ሆኗል። ሰውነት ሐሩርን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ የሚጠፋው ጨውም ይቀንሳል። የሥራ ጤና ዐዋቂዎች በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛውን፣ በየቀኑም አንድ አምስተኛ እየጨመሩ እንዲሰጥ ይመክራሉ። ለዓመት ዕረፍት ወደ ደጋ ሄዶ ሳምንታት ቆይቶ የተመለሰ ነባር ሠራተኛም ልምዱ ስለሚጠፋበት እንደ አዲስ መቈጠር አለበት። ይህ ለአለቃው ጥቂት ቀናት መታገሥን ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ ሠራተኛው በመንገድ ቢወድቅ ግን ለእናቱ የሚጻፈውን ደብዳቤ የሚፈርመው ያው አለቃ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ነጂው ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው፣ እግሩን ቁርጠት ቢይዘው፣ ሽንቱም ጠቁሮ ቢያየው እነዚህ የመጀመሪያ ጥሪዎች ናቸው፤ ወዲያው ቆሞ በጥላ ይረፍ፣ ይጠጣ፣ ልብሱን ያርጥብ፣ በዚያም ቀን ጉዞው ይብቃ። የሚናገረው ከተዘባረቀ፣ ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት ከተቈጣ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሐሩሩ መትቶታል፤ ይህ ሞት የሚያስከትል ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ ሊያሳስተን ይችላል። ፀሐይ የመታውን ሰው ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ ማጠጣት፣ በጋቢ ሸፍኖና አጥኖ ማላብ የቆየ ሕክምና ነው። ለጉንፋንና ለራስ ምታት ዳማ ከሴን የሚጠላ ማንም የለም፤ እኛም አንነቅፈውም። በሐሩር የተመታን ሰው ግን በጋቢ መሸፈን እሳት ላይ ቅጠል እንደ መጨመር ነው። የትኩሳት ኪኒንም አይረዳውም፤ ሙቀቱ ከበሽታ ሳይሆን ከውጭ የገባ ነውና።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ጃኬቱ፣ ጫማውና ሱሪው ይውለቅ። ወድቆ አንገቱን ያልተጎዳ ከሆነ የራስ ቍሩም ይውጣ። ያለው ውሃ ሁሉ፣ የሚጠጣውም ሳይቀር፣ በመላ ሰውነቱ ላይ ይፍሰስና በነጠላ ወይም በካርቶን ሳያቋርጡ ያርገብግቡት፤ እርጥብ በሆነ ገላ ላይ በደረቅ አገር ማርገብገብ ይጠቅማል። በረዶ ካለ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ይደረግ፤ በዚህ ጊዜ የክትባቱም በረዶ ይነሣ፣ ክትባት ይተካልና። የቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ወይም ወንዝ በቅርብ ቢገኝ፣ ራሱን ከውሃው በላይ ደግፎ መንከር ከሁሉ ይበልጣል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ሐኪሞች የሚሉት ቅደም ተከተል አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ሳያቀዘቅዙ ጭነውት ሁለት ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚሮጡ ሰዎች ለበጎ ያሰቡትን በሞት ይጨርሱታል።

ከኋላ ስለሚቀመጥ ሰው ጥቂት ቃል እንጨምር። ወይዘሮዎቻችን በጎን ተቀምጠው ነጠላቸው እየተርገበገበ ሲሄዱ ይታያሉ፤ ነጠላውም ቀሚሱም በኋላው ጎማ ተይዞ ስንቱን ጥሏል። ማርሚታው የሚያቃጥለውም የእነርሱን እግር ነው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው ፈጥኖ ይግላል፤ መናገርም ስለማይችል ዝም ሲል እንቅልፍ ይመስላል። በሐጋይ ሕፃንን በሞተር ብስክሌት ይዞ ቆላ መውረድ የማይደረግ ነገር ነው።

የሞተሩ ነገር አጭር ነው። የጎማው አየር በማለዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ፤ ቀን ላይ ሲሞቅ ጠንክሮ ቢገኝ አየር አይተንፈስለት፣ ማታ ይጎድላልና። ቤንዚን በሙቀት ስለሚሰፋ ሰልባትዮው እስከ አፉ አይሞላ፤ 10 ሊትር ቤንዚን 20 ዲግሪ ቢሞቅ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ነፋስ የሚያገኘው ሲሄድ ነውና ቆሞ እያጓራ አይተው።

ከቆላ ወደ ደጋ ለሚመለሰው የሚነገረው ሌላ ነው። ከሚሌ ወደ ባቲ፣ ከባቲም ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል። ረፋዱ ላይ ያዳነው እርጥብ ካናቴራ ማታ በደሴ አቀበት አጥንቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ የቀዘቀዘ እጅም ፍሬን በወቅቱ አይዝም። ስለዚህ በባቲ ቆሞ፣ ገበያው በሚቆምበት ሰኞ ቢሆንም እንኳ ገለል ያለ ቦታ ፈልጎ፣ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ካናቴራ ይልበስ፤ ከአዲስ አበባ ይዞት የወጣው ካፖርትም ከዕቃው ሥር ሳይሆን ከላይ ታስሮ ይገኝ።